አስቤስቶስ፦ ከግንባታ ቦታ እስከ ፍርድ ቤት የዘለቀው የካሳና የመድን ክርክር

አስቤስቶስ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ ባለቃጫ ማዕድን ነው። እሳት አይበላውም፤ ሙቀትን ይከላከላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። በእነዚህ ባሕርያቱ የተነሳ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በበርካታ አገሮች ከሲሚንቶ ጋር እየተደባለቀ ለጣሪያ ክዳን፣ ለግድግዳ ሰሌዳና ለውኃ ቧንቧ መሥሪያ፣ እንዲሁም ለቦይለርና ለእንፋሎት ቧንቧ መሸፈኛ በስፋት ሲያገለግል ቆይቷል።

ማዕድኑ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ወይም ሲፈርስ ግን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቃጫዎች ወደ አየር ይበተናሉ። ቃጫዎቹ በአተነፋፈስ ሥርዓት ገብተው በሳንባና በሳንባ ሽፋን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ይቀራሉ። አስቤስቶሲስ የተሰኘው የሳንባ ጠባሳ በሽታ፣ የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከዚሁ የሚመጡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ቦታ ለአስቤስቶስ ከመጋለጥ ጋር በተያያዘ በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር አምጪ ሲል መድቧቸዋል።

ጉዳዩን ከሌሎች የሥራ አደጋዎች የሚለየው የጊዜው ርዝመት ነው። ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ግንበኛ የተጎዳበት ቀንና ሰዓት ይታወቃል። የአስቤስቶስ ብናኝ የተነፈሰ ሠራተኛ ግን በሽታው የሚታወቅበት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። እስከዚያው ድረስ አሠሪው ድርጅት ሊዘጋ፣ ማኅደሩ ሊጠፋ፣ መድን የሰጠውም ኩባንያ ሊከስር ይችላል። በመሆኑም ሁለት ጥያቄዎች የበርካታ አገሮችን ፍርድ ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክሩ ኖረዋል። አንደኛው ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጉዳቱ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። የካሳው ከፋይ ማንነት የሚለየው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው።

የአምራቹ ኃላፊነት

የብናኙ ጎጂነት በድንገት የታወቀ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ በ1930 ለመንግሥት የቀረበ የሐኪምና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ሪፖርት በአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሳንባ በሽታ በብዛት መከሰቱን አረጋግጦ ነበር። ይህንኑ ተከትሎ በ1931 ብናኝን ለመቆጣጠር የሚያስችል ደንብ ወጣ። ይሁን እንጂ ደንቡ ያተኮረው በአምራች ፋብሪካዎች ላይ ስለነበር ዕቃውን በግንባታ ቦታ የሚቆርጡትንና የሚገጥሙትን ሠራተኞች ያን ያህል አልጠቀመም። በ1960 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት አስቤስቶስን ከሜሶቴሊዮማ ጋር አያይዞ አቀረበ። በ1965 ለንደን ላይ የታተመ ሌላ ጥናትም በፋብሪካ ያልሠሩ፣ ነገር ግን የሠራተኛ ቤተሰብ የሆኑ ወይም በፋብሪካ አቅራቢያ የኖሩ ሰዎች ጭምር በበሽታው መያዛቸውን አመለከተ።

በአሜሪካ የካሳ ክርክሩን በር የከፈተው የክላረንስ ቦረል ጉዳይ ነው። ቦረል ከ1936 ጀምሮ በቴክሳስና በአካባቢው በሙቀት መከላከያ ሽፋን ሥራ ላይ ከ30 ዓመት በላይ የቆዩ ሠራተኛ ነበሩ። በ1969 በ11 አምራቾች ላይ ክስ መሠረቱ፤ ነገር ግን የክሱን ፍጻሜ ሳያዩ በ1970 አረፉ። የአምስተኛው ቀጠና የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1973 በሰጠው ውሳኔ አምራች ስለሚሸጠው ዕቃ እንደ አንድ የሙያው ሊቅ የማወቅ ግዴታ እንዳለበት፣ አደጋውን እያወቀ ወይም ሊያውቅ እየተገባው ተጠቃሚውን ካላስጠነቀቀም ዕቃው ጉድለት ያለበት ሆኖ እንደሚቆጠርና ለጉዳቱ ኃላፊ እንደሚሆን አስታወቀ።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የክሱ ብዛት በፍጥነት አደገ። በወቅቱ የዘርፉ ግንባር ቀደም አምራች የነበረው ጆንስ ማንቪል 16 ሺህ ያህል ክሶች ቀርበውበት ሳለ በነሐሴ ወር 1982 በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር ገባ። ኩባንያው እንደገና ሲደራጅ በ1988 ለተጎጂዎች ካሳ የሚከፍል ራሱን የቻለ ትረስት ተቋቋመ። የትረስቱ ገንዘብ ግን ከጠያቂው ቁጥር ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። በመሆኑም ተጎጂዎች በ1995 ከተገመተላቸው ካሳ 10 በመቶ፣ በ2001 ደግሞ 5 በመቶ ብቻ እንዲከፈላቸው ተወሰነ።

ራንድ የተሰኘው የምርምር ተቋም በ2005 ባወጣው ጥናት እስከ 2002 ድረስ በአሜሪካ 730 ሺህ ያህል ሰዎች የካሳ ጥያቄ ማቅረባቸውንና ለክርክሩ 70 ቢሊዮን ዶላር ያህል መውጣቱን ገልጿል። ከዚህ ወጪ ውስጥ ከሳሾቹ እጅ የገባው ከእያንዳንዱ ዶላር 42 ሳንቲም ያህል ብቻ እንደነበር ጥናቱ ያስረዳል። ቀሪው ለጠበቆችና ለሌሎች የክርክር ወጪዎች ውሏል።

የመድን ውሉ የትኛው ነው?

አምራቾቹና አሠሪዎቹ የኃላፊነት መድን ነበራቸው። ካሳ እንዲከፍሉ ሲፈረድባቸው ፊታቸውን ወደ መድን ሰጪዎቻቸው አዞሩ። ችግሩ የተፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። የመድን ውል ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይገባል፤ በየዓመቱም ይታደሳል፤ መድን ሰጪውም ሊለወጥ ይችላል። ውሉ ደግሞ የሚሸፍነው በውሉ ዘመን ለደረሰ የአካል ጉዳት መሆኑን ይደነግጋል።

ለማብራራት ያህል አንድ አናጺ እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 1968 የአስቤስቶስ ሰሌዳ ሲቆርጥ ቆየ እንበል። ዕጢው በሰውነቱ ውስጥ በ1998 ጀመረ፤ ሐኪም በሽታውን የለየው ደግሞ በ2008 ነው። በመጀመሪያው ዘመን መድን የሰጠው “ሀ”፣ በሁለተኛው “ለ”፣ በሦስተኛው “ሐ” የተባለ ኩባንያ ነበር። “ሀ” በእኔ ዘመን ሰውየው ጤነኛ ነበር ይላል። “ሐ” በበኩሉ ጉዳቱ እኔ ውል ከመግባቴ በፊት የደረሰ ነው ሲል ይከራከራል። “ለ” ደግሞ በእኔ ዘመን ብናኝም አልነበረም፤ ሕመምም አልታየም ይላል። ሦስቱም ከተሰሙ አናጺው አልተጎዳም ወደሚል ድምዳሜ ያደርሳል። አናጺው ግን ታሟል።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለዚህ እንቆቅልሽ አንድ ወጥ መልስ አልሰጡም። የስድስተኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1980 በፎርቲ ኤይት ኢንሱሌሽንስ ጉዳይ ጉዳቱ የሚደርሰው ቃጫው በሚተነፈስበት ጊዜ በመሆኑ በተጋላጭነቱ ዘመን የነበሩ መድን ሰጪዎች ወጪውን በየድርሻቸው እንዲከፍሉ ወሰነ። የአንደኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1982 በኢግል ፒቸር ጉዳይ ጉዳት ደረሰ የሚባለው በሽታው ሲገለጥ ነው አለ።

በሁለቱ መካከል በ1981 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኪን ኮርፖሬሽን ጉዳይ ሦስተኛ መንገድ ቀየሰ። በዚህ ውሳኔ መሠረት ጉዳቱ ከመጀመሪያው ትንፋሽ አንስቶ በሽታው እስከሚገለጥበት ቀን ድረስ ያለማቋረጥ የሚቀጥል በመሆኑ በዚህ ሁሉ ጊዜ የነበረ ማንኛውም የመድን ውል ኃላፊነት አለበት። መድን ገቢው ከእነዚህ ውሎች አንዱን መርጦ መጠየቅ ይችላል፤ መድን ሰጪዎቹ ደግሞ ኋላ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ። የፍርድ ቤቱ መሠረታዊ ምክንያት አረቦን የከፈለ ሰው በዋስትና ውስጥ ክፍተት ሊገኝበት አይገባም የሚል ነበር።

የመድን ኩባንያዎች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአስቤስቶስ የሚመነጭን ማንኛውንም ኃላፊነት ከውሎቻቸው በግልጽ ማስወጣት ጀመሩ። ይህ ግን ለወደፊቱ እንጂ ለቀደሙት ውሎች አልሠራም። በአሮጌ ውሎች ምክንያት የመጣው ዕዳ በጠለፋ መድን አማካይነት እስከ ለንደኑ ሎይድስ ገበያ ደረሰ። ሎይድስ እ.ኤ.አ ከ1988 እስከ 1992 ለደረሰበት 8 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ኪሳራ አስቤስቶስ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ኪሳራውን ባልተገደበ የግል ኃላፊነት የተሸከሙ በርካታ አባላት ሀብታቸውን አጥተዋል። ገበያው የቀድሞ ዕዳውን ለይቶ የሚያስተዳድር ኤክዊታስ የተባለ ኩባንያ በ1996 አቋቁሞ ነው የቀጠለው።

የብሪታንያ ተሞክሮ

በብሪታንያ ክርክሩ ያተኮረው ከአምራቾች ይልቅ በአሠሪዎች ላይ ነው። በዚያች አገር አሠሪዎች የሠራተኛ ጉዳት መድን እንዲገቡ የሚያስገድደው የ1969 ሕግ ከ1972 መጀመሪያ አንስቶ ተግባራዊ ሆኗል።

የመጀመሪያው ፈተና የማስረጃ ነበር። አንድ የግንባታ ሠራተኛ በሕይወት ዘመኑ ለብዙ ተቋራጮች ይሠራል። ሁሉም ለብናኝ ካጋለጡት በሽታውን ያመጣው የየትኛው አሠሪ ቃጫ እንደሆነ ሳይንስ ሊለይ አይችልም። በተለመደው የማስረጃ ደንብ ሁሉም ጥፋተኞች ሆነው ሳለ ሁሉም በነጻ ይሰናበታሉ ማለት ነው። የሎርዶች ምክር ቤት በ2002 በፌርቻይልድ ጉዳይ ይህ ፍትሕን የሚያዛባ መሆኑን አመልክቶ አሠሪው የበሽታውን አደጋ በተጨባጭ ከፍ ማድረጉ ከተረጋገጠ ኃላፊ ለማድረግ በቂ ነው ሲል ወሰነ።

ይኸው ምክር ቤት በ2006 በባርከር ጉዳይ እያንዳንዱ አሠሪ የሚከፍለው በድርሻው ልክ ብቻ ነው አለ። ይህም የከሰሙ ድርጅቶች ድርሻ በተጎጂው ላይ እንዲወድቅ የሚያደርግ ነበር። ፓርላማው በዚያው ዓመት ባወጣው የካሳ ሕግ ይህን ክፍል ሽሮ በሜሶቴሊዮማ ጉዳይ ጥፋተኛ አሠሪዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ እንዲሆኑ ደነገገ። ተጎጂው ሙሉ ካሳውን ከአንዱ ማግኘት ይችላል፤ የከፈለውም ከሌሎቹ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ፈተና የመድኑ ቃል ነበር። በ2006 የይግባኝ ፍርድ ቤት የቦልተንን ከተማ ምክር ቤት በሚመለከት፣ በሦስተኛ ወገን የኃላፊነት መድን ረገድ ጉዳት ደረሰ የሚባለው ቃጫው ሲተነፈስ ሳይሆን ዕጢው ሲጀምር ነው ብሎ ነበር። ይህን ተከትሎ አንዳንድ የአሠሪ ኃላፊነት መድን ሰጪዎች በውላቸው ውስጥ በሚገኘው “የደረሰ ጉዳት” በሚለው ሐረግ ላይ ተመርኩዘው ለድሮ ውሎች አንከፍልም አሉ። ሌሎች ውሎች ደግሞ “የተያዘ በሽታ” የሚል ሐረግ ነበራቸው። የአንድ ሰው ቤተሰብ ካሳ ማግኘቱና አለማግኘቱ ከአርባ ዓመት በፊት በተጻፈ አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ክርክሩ ለስድስት ዓመታት በሦስት ፍርድ ቤቶች ታየ። የሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞች በሽታው ከታወቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት እንኳ የማይሞላ ጊዜ በመሆኑ ስድስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት ወር 2012 በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ሁለቱም ሐረጎች የሚያመለክቱት በሽታው የተፈጠረበትን ምክንያት፣ ማለትም ሠራተኛው ለብናኙ የተጋለጠበትን ዘመን ነው አለ። ፍርድ ቤቱ የውሉ ዓላማ መድን ገቢው በዚያ ዓመት ባካሄደው ሥራ የመጣበትን ኃላፊነት መሸፈን እንደሆነ አስገንዝቧል። በምሳሌያችን ከፋዩ “ሀ” ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ፈተና የመድን ሰጪው መጥፋት ነው። አሠሪው ከስሞ መድን ሰጪው ማን እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ያልተገኘላቸው ሕመምተኞች ፍርድ ቢያገኙም የሚከፍላቸው አልነበረም። ለዚህም በ2014 በወጣው የሜሶቴሊዮማ ሕግ በሥራ ላይ ያሉ መድን ሰጪዎች በሚያዋጡት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ የካሳ ፈንድ ተቋቁሟል። ክፍያው በመጀመሪያ በፍርድ ቤት ከሚገኘው አማካይ ካሳ 80 በመቶ የነበረ ሲሆን ቆይቶ ወደ 100 በመቶ ከፍ ብሏል።

ሁሉም ክርክር ግን በተጎጂው ድል አልተጠናቀቀም። በሳንባ ሽፋን ላይ ጠባሳ የታየባቸው፣ ነገር ግን ሕመም የማይሰማቸው ሠራተኞች ያቀረቡትን ክስ የሎርዶች ምክር ቤት በ2007 ውድቅ አድርጓል። የስኮትላንድ ፓርላማ በ2009 ይህንኑ ጉዳት የሚያስክስ አድርጎ ሲደነግግ መድን ሰጪዎች ሕጉን ተቃውመው ቢከራከሩም በ2011 ተረትተዋል።

የሕንፃው ባለቤትና የተቋራጩ ድርሻ

አስቤስቶስ በሕንፃ ውስጥ መኖሩ ብቻውን በንብረት መድን ያስከፍላል ወይ የሚለው ሌላው አከራካሪ ነጥብ ነው። የኒውዮርክና የኒውጀርሲ ወደብ ባለሥልጣን ከሕንፃዎቹ አስቤስቶስ ለማስወገድ ያወጣውን ወጪ ከንብረት መድን ሰጪዎቹ ጠይቆ ነበር። የሦስተኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 በሰጠው ውሳኔ ቃጫው ተበትኖ ሕንፃውን ከአገልግሎት ውጭ ካላደረገ ወይም ይህን የሚያደርግ አደጋ ካልተደቀነ በስተቀር መኖሩ ብቻ የንብረት ጉዳት አይባልም ብሏል። ይህም የማስወገዱ ወጪ በባለቤቱ ላይ እንዲቀር አድርጓል።

በብሪታንያ ማንኛውም የአስቤስቶስ ዓይነት ከ1999 ጀምሮ ተከልክሏል። ይሁንና ከ2000 በፊት የተሠሩ ሕንፃዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው እንደሚችል ይታሰባል። መኖሪያ ያልሆነ ሕንፃ የሚያስተዳድር ወገን ዕቃው የት እንዳለ የመለየት፣ ሁኔታውን የመመዝገብና ለጥገና የሚመጡ ሠራተኞችን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከማፍረስ በፊትም ምርመራ ይካሄዳል። እነዚህ መዛግብት ለጤና ጥበቃ ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ለሚነሳ ክርክር ማስረጃ ናቸው።

በአውስትራሊያ የታየው ደግሞ የኩባንያ አደረጃጀት ለውጥ ከዕዳ እንደማያድን ነው። የፋይበር ሲሚንቶ አምራቹ ጄምስ ሃርዲ በ2001 293 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የያዘ የካሳ ፋውንዴሽን አቋቁሞ መቀመጫውን ወደ ኔዘርላንድስ አዛወረ። ገንዘቡ የማይበቃ መሆኑ ሲታወቅ በ2004 መንግሥታዊ ምርመራ ተካሄደ። በመጨረሻም ኩባንያው ከዓመታዊ የገንዘብ ፍሰቱ እስከ 35 በመቶ የሚያዋጣበት የካሳ ፈንድ በ2007 ሥራ ጀመረ። ፋውንዴሽኑ በቂ ገንዘብ አለው የሚለውን አሳሳች መግለጫ ያጸደቁ የቦርድ አባላትም በሕግ ተጠያቂ ሆነዋል።

ለአገራችን አሠራር ያለው ትምህርት

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሮተርዳም ስምምነት አደገኛ ኬሚካሎች ወደ አንድ አገር ከመላካቸው በፊት ተቀባዩ አገር አውቆ እንዲስማማ ያስገድዳል። አምስት የአስቤስቶስ ዓይነቶች በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። በግንባታ ላይ በብዛት የዋለው ክሪሶታይል ወይም ነጭ አስቤስቶስ ግን ከ2006 ጀምሮ በተደጋጋሚ ሐሳብ ቢቀርብበትም የአባል አገሮች ሙሉ ስምምነት ባለመገኘቱ እስከ 2025 በተካሄዱት ጉባኤዎች አልተካተተም። ስለሆነም አንድ የግንባታ ዕቃ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩ ጉዳት እንደማያስከትል ማረጋገጫ አይደለም። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ በ2009 ባወጣው የአሠራር ማስታወሻ በአዲስ ግንባታና በዕድሳት ሥራ አስቤስቶስ ያለባቸውን ዕቃዎች አለመጠቀም ተገቢ እንደሆነ መክሯል።

የሕጉም ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143 ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የካሳ ክሱን ማቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ጉዳቱ የደረሰበት ጊዜ ሲባል ብናኙ የተተነፈሰበት ነው ወይስ በሽታው የተገለጠበት? የመጀመሪያው ትርጉም ከተያዘ ሠራተኛው መታመሙን ሳያውቅ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። በሌሎች አገሮች ዳኞችንና ሕግ አውጪዎችን ለዓመታት ያከራከረው ጥያቄ ይኸው ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠቅሙ ተግባራዊ ነጥቦች ይገኛሉ። የግዥ ክፍሎች የጣሪያ፣ የሰሌዳና የቧንቧ ዕቃ ሲገዙ ከአስቤስቶስ ነጻ መሆኑን በጨረታ ሰነዱ ላይ ማስፈርና ማረጋገጫ መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። አሮጌ ሕንፃ ከማስፈረስ ወይም ከማሳደስ በፊት ዕቃው ምን እንደሆነ ማስመርመር፣ በተቋራጩ ውል ላይም የማስወገዱን ኃላፊነት ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። የመድን ውል ሲገባ ደግሞ ምን ከሽፋን ውጭ እንደተደረገና ሽፋኑ የሚሠራው ጉዳቱ በተፈጠረበት ወይስ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ መሆኑን ማንበብ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ የሠራተኞች ዝርዝር፣ የሥራ ቦታና የመድን ውሎች በመዝገብ ቤት ተጠብቀው መቆየት አለባቸው። በብሪታንያ ብዙ ሕመምተኞች ካሳ ያጡት ጥፋቱ ስላልተረጋገጠ ሳይሆን ወረቀቱ ስላልተገኘ ነው። ዛሬ ብናኝ የሚተነፍሰው ሠራተኛ መብቱን የሚጠይቀው ምናልባት ከአርባ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስለ እርሱ የሚመሰክረው ዛሬ በአግባቡ የተቀመጠው ማኅደር ነው።